ሥጋ የማያውቅ ድስት

ባለፈው ጥቅምት ከወጥ ቤት ወጣሁ። ወጣሁ ስል አስወጡኝ ማለቴ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ስሠራበት የነበረው ሆቴል አዲስ ምድጃ አስገባና ባለቤቱ፣ አባቱን የማውቀው ልጅ፣ "ጋሽ ካሳው፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ እንግዲህ ይረፉ" አለኝ። ዓይኔ ደህና ነው። የደከመው ጉልበቴ ነው። ቢሆንም ጋቢ አልብሰው፣ አጨብጭበው ሸኙኝ። ስለ ጡረታው አላወራም፤ የእኛ ቢጤ ሠራተኛ ጡረታው ትንሽ፣ ምልልሱ ብዙ ነው።

ከመውጣቴ በፊት ድንኳን ይዘው የመጡ ወጣቶች ሆቴሉ አርፈው ነበር። ወደ ዓባይ በረሃ ሊወርዱ ነው። ምግቡ ተወዶባቸው ብስኩት ሲቆረጥሙ አየሁና "ምነው እንደ አይጥ?" አልኳቸው። "ጋሼ፣ በትንሽ ብር ሜዳ ላይ ምን ይበሰላል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አንደኛዋ "ይህማ መጻፍ አለበት" አለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከበቀለ፣ ጎጆ ከወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ግን እጄ ሥራ ፈቷል፤ ስለዚህ ጻፍኩ። አበሳሰሉን ብቻ የፈለገ እስከ መሐል ያንብብ። ከዚያ ወዲያ አምሮት የሚቀሰቅስ ነገር የለም።

የገበሬ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት ደጋ ነው። ደርግ በገባ ሰሞን መንገድ የሚሠራ ቡድን ሰፈራችን አጠገብ ድንኳን ተከለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ድንጋይ ልሸከም ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ለእሳት የሚሆን ግንድ ስፈልጥ ቆመው አዩኝ።

"እንዲህ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ድንጋይ ምን ያሸክመዋል?" አሉ። "ና ወደ እኔ።"

አያ እንድሪስ ይባላሉ። የደጎሎ ሰው ናቸው። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ መሬት ለሚለኩና መንገድ ለሚቀይሱ ሰዎች ሜዳ ለሜዳ ሲያበስሉ የኖሩ። ወጥ ቤት እየዋሉ አንድ ፍሬ ሥጋ አልጨመሩም። ሰው ሲቀልድባቸው "የካምፕ ወጥ ሠሪ ከወፈረ ሌላው ከስቷል ማለት ነው" ይሉ ነበር። ሁልጊዜም መጨረሻ ነው የሚበሉት፤ ሰዎቹ በልተው እስኪነሱ አይቀመጡም።

የእሳቸውን ትልቁን ነገር ልንገራችሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ይጋባል፣ ሰርግና ለቅሶ አብሮ ይቆማል፣ ስሙም ይቀላቀላል። ሥጋ ላይ ግን ይለያል። ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ እስላሙ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ነው የሚበላው። ቡድናችን ደግሞ እኩል በእኩል ድብልቅ ነበር። ሌላ ካምፕ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ሁለት እሳት፣ ሁለት ድስት አለ፤ እንጨቱም ዘይቱም ጠቡም እጥፍ ነው። አያ እንድሪስ ግን አንድ ትልቅ ድስት ነበራቸው። ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ቂንጬ፣ ንፍሮ፣ ጎመን። ለጾሙ ይሆናል፣ ለፍስኩ ይሆናል፣ ለኪስም ይረክሳል። ሥጋ ያማረው ሰው ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከየወገኑ ይበላል። "ይህ ድስት ሥጋ አያውቅም" ይሉ ነበር፣ ስለ አንድ ጨዋ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ። ለማንም አያውሱትም። የሚያጥቡትም ራሳቸው ናቸው።

መቅመሱም ወግ ነበረው። ረመዳን ሲሆን እኔ እቀምሳለሁ፤ የእኛ ጾም ሲሆን እሳቸው ይቀምሳሉ። አንድ ክረምት ግን ረመዳንና ፍልሰታ ገጠሙ። ሥራው ቦይ መጥረግ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ይበላል። ጨው የሚቀምስ ጠፋ።

"አያ፣ ምን ይሻለናል?" አልኩ።

"ጆሮ የለህም?"

"ጨው በጆሮ ይቀመሳል?"

"ዝም ብለህ ስማ።" ማማሰያውን አቆሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽሮ ሲወፍር ድምፁ ይለወጣል፤ ፈጠን ብሎ ይንጫጫ የነበረው ከብዶ ይፈነዳል። ያኔ ጨውን በእጃቸው ቆንጥረው በተኑ፣ የጭልፋውን ጫፍ ሁለቴ ድስቱ ላይ መቱ። ማታ ማንም ስለ ጨው አላነሳም። እኔ ግን እስካሁን በጆሮ ጨው መቅመስ አልቻልኩም።

እንግዲህ አበሳሰሉ። ለደጋ ሰው ትልቁ ወጪ እህሉ አይደለም፣ ማገዶው ነው። ከወረኢሉ እስከ ደጎሎ ያለው ሜዳ ዛፍ ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱንም ገበሬው ለራሱ ይፈልገዋል። ደግሞ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላ ግን ቶሎ አይበስልም፤ ፈላ ብለህ አትደሰት። ባቄላውን ወይ ክኩን ከዋዜማው በጀሪካን ዘፍዝፈው። ካምፕ የምትለውጥ ከሆነ ጀሪካኑን መኪናው ጎን ላይ እሰረው፤ መንገዱ ያንገጫግጨዋል፣ ስትደርስ ልጣጩ ለቆ ይጠብቅሃል። ጨው መጨረሻ። ቀድሞ ከገባ ባቄላው ይኮማተርና ጥርስ ይፈትናል። አንዴ በደንብ ከተንተከተከ ክዳኑን በሊጥ አሽግና ከእሳት አውርደህ ጭድ በሞላበት ጆንያ ውስጥ ቅበረው፣ ላዩን አሮጌ በርኖስ ጠቅልልበት። አንተ ሥራህ ላይ ውለህ ስትመጣ ያለ እሳት በስሎ ታገኘዋለህ።

ምጣድ መሸከም ቂልነት ነው። አካፋ አለህ አይደል? አዲስ አካፋ ቀለም ስላለው መጀመሪያ ቀለሙ እስኪላጥ አቃጥለው፣ በአሸዋ እሸው፣ ዘይት ቀባው። ሊጡን አሳስተህ ዘርጋበት፣ ሁለተኛውን አካፋ ገልብጠህ ክደነው፣ ላዩ ላይ ፍም አድርግ። እንዲህ ያለ ቂጣ ሆቴል ውስጥ አይገኝም። ጊዜ ለሌለው ሰው ደግሞ በሶ አለ። በዘይትና በጨው ለውሰህ ጨብጠው፤ ሳምንት ቢቀመጥ አይበላሽም።

አልጋ ቤት ስታድር ሌላ ነው። መለዋወጫ ልናመጣ ወረኢሉ ስንወርድ አልጋ ቤት እናድር ነበር። ያኔ የሚገዛው እንጀራ ብቻ ነው። ጠዋት የፈላ ውሃ ፔርሙስ ውስጥ ቂንጬ ላይ ትሞላለህ፣ በደንብ ትከድናለህ፤ ቀትር ላይ በስሏል። ሽሮው ደግሞ ከባለቤቲቱ ምድጃ በተረፈ ፍም ይሠራል። ግን ፍሙን እንዴት ታገኛለህ? እዚህ ላይ አፍ ያስፈልጋል።

"እንጀራ ብቻ?" አለች አንዷ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "ወጤንስ ማን ሊበላልኝ ነው?"

"እህቴ፣ ወጥሽ ለባለሥልጣን ነው። እኛ አፈር ዛቂዎች ነን" አሉ አያ እንድሪስ።

"እና እንጀራዬን በምን ልትበሉት?"

"በጨዋታ።"

ሳቀች። እንጀራውንም ሸጠች፣ ፍሙንም በነፃ ሰጠች። ምሽቱን በሙሉ አጠገባችን ቁጭ ብላ ሽሮውን እየቀማመሰች የወጧን ደንበኞች ረሳቻቸው።

አበሳሰሉ እስከዚህ ነው። ለአበሳሰሉ ብቻ የመጣችሁ እዚህ ላይ ተሰናበቱ።

የመጀመሪያው አለቃችን ዝምተኛ መሐንዲስ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ከአለቃ የሚፈለገው ትልቁ ነገር ይህ ነው። አንድ ቀን ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም። በቦታው ጓድ ብርሃኑ የሚባል ካድሬ መጣ። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። እውነት ነው። ማምረር ግን ይችላል።

ጓድ ብርሃኑ የዚሁ የወሎ ልጅ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ከሩቅ አገር መጥቶ ቢሆን አለማወቅ ነው ባልን ነበር። እሱ ግን ሰርግ ቤት ሁለት በግ በሁለት ሰው እጅ ሲታረድ እያየ ነው ያደገው።

በመጣ በወሩ ሰበሰበን። "አንድ ሠርቶ አደር ሆነን ሳለ ሁለት ቢላዋ ለምን ያስፈልጋል? ይህ የፊውዳሉ ክፍፍል ነው!" አለ።

ፎርማናችን ምሕረቱ ተነሳ። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ አፉ የተፈታ፣ ማንበብ መጻፍ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። "ጓድ፣ ድስታችን እኮ አንድ ነው። ሁላችንም ከአንድ ነው የምንበላው" አለ።

"እሱ የድህነት ድስት ነው!" አለ ጓድ ብርሃኑ። አጨበጨብን። ያኔ ለሁሉም ይጨበጨባል።

መስከረም ሁለት፣ የአብዮቱ በዓል ደረሰ። ጓድ ብርሃኑ በሬ አስመጣ። አንድ በሬ። "ማን ይባርከው?" ብሎ ምሕረቱ ጠየቀ። "አብዮቱ ባርኮታል" አለውና ጓድ ብርሃኑ የካምፑን ዘበኛ እረድ አለው። ዘበኛው አረደ። በስመ አብም አላለ፣ ቢስሚላህም አላለ። ዝም ብሎ ጎሮሮውን ቆረጠ።

እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የእስላም ሥጋ አለ። ስም ያልተጠራበት ሥጋ የማን ነው? ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ አንዱ "የጅብ ነዋ" አለ በለሆሳስ፣ ሳቅ ታፈነ። ዘበኛው በበርሜል ቀቅሎት ሥጋው በየሳህኑ ቀረበ። አንዱ ሆዴን ነፍቶኛል አለ። አንዱ ስለት አለብኝ አለ። አንዱ ጥርሴን። ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። የበሉት ጓድ ብርሃኑና ዘበኛው ብቻ ናቸው። ጓድ ብርሃኑ እያንዳንዱን ቁራሽ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ፊቱን አየሁት። ይህ ነገር እዚህ አያበቃም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ወጥ ቤት መጣ። ዘበኛው ጠመንጃውን አንግቶ፣ ያንኑ ሥጋ የተቀቀለበትን ሾርባ በትልቅ ጣሳ ይዞ ተከትሎታል።

"ሽማግሌ፣ ምንድን ነው የምታበስለው?"

"ሽሮ ነው ጌታዬ።"

"ጌታ የለም። ጓድ በል።"

"እሺ ጓድ። ሽሮ ነው።"

"ይህን ጨምርበት። በልተው ይጨርሱና የበሉትን እኔ እነግራቸዋለሁ። ሰማይ ካልተደፋባቸው ያኔ ይገባቸዋል።"

አያ እንድሪስ ማማሰያቸውን አቆሙ። "ጓድ፣ ሰዎቹ እኮ ይህን ድስት አምነው ነው የሚበሉት።"

"አብዮቱን ይመኑ።"

"ሥጋውን ለብቻ ያቅርቡላቸው። የወደደ ይብላ።"

"ትናንት አቅርቤ የለ!" ብሎ ጮኸ። "ተሳለቁብኝ! አንተም ከእነሱ ጋር ነህ!"

"እኔ ከድስቱ ጋር ነኝ" አሉ አያ እንድሪስ። "እጄን ቢቆርጡት አልጨምረውም።"

ጓድ ብርሃኑ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ዘበኛው ጣሳውን ገለበጠ። የሾርባው ቅባት ሽሮው ላይ እንደ ዓይን ተንሳፈፈ። "አማስለው" ብሎ ወጣና ምሳ የሚታደልበት ቦታ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ተቀመጠ። ዘበኛው በር ላይ ቆመ።

እኔ ጆሯቸው ሥር ገባሁ። "አያ፣ ወጥቼ ልንገራቸው።"

"ብትነግራቸው ምን ያደርጋሉ?"

"ይገድሉታል።"

"እሱን ከመግደላቸው በፊት ያ ጠመንጃ ስንቱን ይጥላል?" አሉኝ። ወንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ አካፋቸውን ያነሱ ነበር። "አብሽር" አሉኝ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ሁልጊዜ ከማደላቸው በፊት እንደሚያደርጉት።

ምሳ ተደወለ። ሰዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ጭቃ ሲዝቁ ያረፈዱ ናቸው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሳህናቸውን ይዘው ተሰለፉ። አያ እንድሪስ የድስቱን ጆሮዎች በጨርቅ ይዘው፣ ሊያድሉ እንደሚወጡ ሁሉ ወጡ። ሰልፉ ፊት ደረሱና ወደ ቦዩ ገለበጡት። ሁሉንም።

ሰዉ ሳህኑን እንደያዘ ወደ ቦዩ አየ።

"አርሮብኝ ነው ልጆቼ" አሉ። "አፉ በሉኝ።"

ያኔ ስድቡ መጣ። "የተረገመ ሽማግሌ!" "ጃጅቷል፣ ምን ያስቀምጠዋል!" አንዱ ባዶ ሳህኑን እግራቸው ሥር ወረወረ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ሳህኑን አነሱና ጭቃውን በጨርቅ ጠርገው መለሱለት። ወዲያው የሰፈሩ ውሾች ቦዩ ላይ ደርሰው ተናከሱ። ውሻ ለሽሮ ሲናከስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማወቅ የፈለገ ያኔ ባወቀ ነበር። ምሕረቱ ውሾቹን ረጅም ጊዜ ሲያይ አየሁት።

ጓድ ብርሃኑ ከወንበሩ ተነሳ። "አሻጥር!" አለ። "የሠርቶ አደሩን ምግብ መድፋት የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!" ሰዉ ተርቦ ነበርና አልተቃወመም። እንዲያውም "ልክ ነው" ያለ ድምፅ ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጆቹ በሕይወት ስላሉ አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ መኪና ላይ ጫኗቸው። ሲሳፈሩ ጠሩኝ። ይመርቁኛል ወይ ይሰናበቱኛል ብዬ ነበር። "ድስቱን እንዳትጠቀምበት፣ ሌላ አስመጣ" አሉኝ። "ለማታ የሚሆነው ባቄላ በማሰሮው ጆንያው ውስጥ ነው። እንዳይረሳ።"

ማታ ባቄላውን ከጭዱ አውጥቼ አደልኩ። ሰዎቹ በሉና "ካሳው፣ እጅህስ ከሽማግሌው ይበልጣል" አሉኝ። "የሳቸው ነው" አልኩ። ማንኪያው ቆመ። ከዚያ መብላታቸውን ቀጠሉ።

ምስክር ፍለጋ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። መካነ ሰላም ሄጄ አንድ የቀበሌ ኮሚቴ ሰው ለመንኩ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። "ሠራተኛው የተደፋው ምግብ የተበላሸ ነበር ብሎ ከመሰከረ ነገሩ ይቀላል" አለኝ። "አንተ ግን ረዳቱ ነህ፣ ያንተ አይቆጠርም። ሁለት ሰው አምጣ።" ሁለት ሰው። ካንድ ድስት ሲበላ ከኖረው ያ ሁሉ ሰው ሁለት።

ከዘበኛው ራቅ ብዬ፣ ቦይ ስንጠርግ፣ ለያንዳንዱ እውነቱን ነገርኩ። አንዱ ወጣት "ወላሂ ይህን ካደረጉማ!" ብሎ አካፋውን ወረወረ። በማግስቱ ሲያየኝ መንገድ ለወጠ። አንዱ "ልጆች አሉኝ" አለ። አንዱ "በልቼው ቢሆን ኖሮ ያኔ እመሰክር ነበር፤ አልበላሁም እኮ" አለ። ይህን መልስ እስካሁን አላመንኩም። ሰውዬው ስላዳኑህ ነው እኮ ያልበላኸው!

ምሕረቱ ግን ቃል ገባልኝ። "ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ እናገራለሁ" አለ። ሌላም ሰው ከእሱ ጋር ይመጣል አልኩ በልቤ፤ ሰዉ ይሰማዋል። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ በር ላይ ጠበቅሁት። ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ።

"ጋሽ ምሕረቱ፣ በዚህ ነው" አልኩ።

"አይ ካሳው። አስቤበት ተውኩት።"

"ውሾቹን አላየህም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ያየሁትን ሁሉ ብናገር እስካሁን አልኖርም ነበር" አለኝና ሄደ።

ምሕረቱ ያረፈው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ቀብሩ አልሄድኩም። ሰው ተናደደብኝ። ይናደድ።

የቀረልኝ ስንቅ ማቀበል ነው። የያዟቸው መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። ሰው አይገባም፤ ስንቅ በበሩ ቀዳዳ ይሰጣል፣ ባዶ ዕቃ በማግስቱ ወይ በሳምንቱ ይመለሳል። ግቢው ፊት የሚቆሙት እናቶችና ሚስቶች የዕቃ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሩኝ። ባዶ ከመጣ ሰውዬው አለ፣ በልቷል። ከነምግቡ ከተመለሰ ልቅሶ ጀምር።

ገበያ በሆነ ቁጥር አገልግል ይዤ ሄድኩ። በሶ ጨብጬ፣ ገብስ ቆልቼ፣ በአካፋ የጋገርኩትን ቂጣ አድርቄ። ዘቦቹ ቂጣውን ይሰባብራሉ፣ በሶውን በእንጨት ይወጋሉ። አገልግሉ ባዶውን ይመለሳል። አንዲት ፍርፋሪ የለችበትም። ደስታዬን አልነግራችሁም። ጥርሳቸው ደህና ነው አልኩ። ብርድ ስለሆነ ዘይት ልጨምር አልኩ። ሚጥሚጣ አከልኩበት፣ ተልባ ፈጨሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያበሰልኩበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን ዘቡን "ምን አሉ? መልእክት የለም?" አልኩት።

"ጨው ጨምርበት ብሏል" አለኝ።

ጨመርኩ።

ብርዱ ሲያልፍ፣ የበልጉ ገብስ ሲታጨድ፣ በሩ ላይ አዲስ ዘብ ተቀየረ። የገጠር ልጅ፣ አነጋገሩ የኛው አገር። አገልግሉን ሰጠሁት።

"ለማን ነው?"

"ለእንድሪስ። ለሽማግሌው፣ ለወጥ ሠሪው።"

አየኝ። "ለሱ ነው እስካሁን የምታመጣው?"

"አዎ።"

"እሱማ በመጣ በሳምንቱ ነው የወሰዱት።"

"የት?"

ጫማውን አየ። "ከእንግዲህ አታምጣ" አለኝ።

"አገልግሉን ታዲያ ማን ነበር ባዶ የሚያደርገው?"

"እኛው ነን እንጂ" አለ። ከዚያ የሚያጽናናኝ መስሎት፣ ከልቡ፣ "እጅህ ግን ይጣፍጣል" አለኝ።

ያን ዕለት ወደ ካምፑ አልተመለስኩም። ከዚያም በኋላ አልተመለስኩም። ጭነት መኪና ለምኜ በወረኢሉ በኩል ደጎሎ ወረድኩ። ሚስታቸው ዘይነባ ደጃፍ ላይ ጥሬ ስትለቅም አገኘኋት። በየጊዜው በሹፌሮች መልእክት እልክላት ነበር፤ "በልተዋል፣ ደህና ናቸው" እያልኩ።

"መርሀባ ካሳው" አለች ተነስታ። "በላ?"

"አልበሉም እቴ። አንዱም አልደረሳቸውም።"

የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳት። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እንባ አላየሁም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ "እና ልቅሶውን በምን ልቀመጥ?"

ነገሩ እውነት ነበር። ሬሳ የለም። መንግሥት ሞቷል አላለም፤ ያላለውን ደፍሮ የሚያለቅስ ጎረቤት የለም። በዚያ ዘመን መንግሥት አለ ያለውን ሰው ሞተ ማለት ራሱ ወንጀል ነበር። ሸኹና ሦስት አራት ሽማግሌዎች ተጠርተው መጡ፤ በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

"መሞቱን ያየ አለ?" አሉ ሸኹ።

"የለም" አለች ዘይነባ።

"የሰማ?"

"እኔ" አልኩ።

"ከማን?"

"ስንቃቸውን ከበላው ሰው።"

አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። "ይህ ልጅ የሰው አገር ሰው ነው፣ ክርስቲያን ነው። ነገ ቢጠየቅ አላልኩም ይላል። እኛ እንቀራለን።"

"ካሳው ይመር እባላለሁ" አልኩ። "አገሬ ቦረና ነው፣ መካነ ሰላም፣ ወግዲ መንገድ። የመጣ ቢጠይቃችሁ፣ ሞተ ብሎ የነገረን እሱ ነው በሉ። ስሜን ከነአባቴ ስጡ።"

ሽማግሌው ሊቀጥል ሲል ሸኹ እጃቸውን አነሱ። "አብሯቸው የኖረ ነው" አሉ። "ይበቃል።"

ሬሳ ለሌለው ሰው የሚሰገደውን ሰገዱላቸው። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ሰዉ በየጓሮው፣ አንድ አንድ እያለ፣ አንገቱን ደፍቶ መምጣት ጀመረ። ፈርተው የነበሩት ናቸው። ግቢው ሞላ። ለለቀስተኛ የሚቀመስ ነገር አልተዘጋጀም።

"ንፍሮ ማን ይቀቅልልኝ?" አለች ዘይነባ።

ስንዴ አምጪ አልኳት። ጓዳ ገብታ አመጣች። እሳት አነደድኩና ጣድኩት። እስኪበስል ብዙ ቆየ። የመጣው ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፤ አንድም ሰው ቀድሞ አልተነሳም።